እሳት ካየው ምን ለየው

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ባለፈው ጥር ወር የትምህርት ቤታችን የክርክር ማኅበር «በጦርነት ጊዜ ሕግ አለ ማለት ራስን ማታለል ነው» የሚል ርእስ አቅርቦ እንደ ነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ርእሱን ደግፈው ከቆሙት ሦስት ተማሪዎች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ዳኞቹም የፈረዱት ለኛ ወገን ነው። አዳራሹ ከሁሉ ይበልጥ ያጨበጨበው «ቃታ ከመሳቡ በፊት አንቀጽ የሚያነብ ወታደር ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ» ባልኩ ጊዜ ነበር። ጭብጨባው ደስ ብሎኝ እንደ ነበር አልክድም። ዳሩ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ስለ አንድ ዐይነት የጦር መሣሪያ ብቻ፣ ይኸውም ሰውንና ቤቱን በእሳት ለማቃጠል ታስቦ ስለሚሠራው መሣሪያ፣ ከቤተ መጻሕፍቱም ከታሪክ መምህራችንም እየጠየቅሁ ብዙ አነበብኩ። ያነበብኩትም በመድረክ ላይ የተናገርኩትን ግማሹን አፈረሰብኝ፤ ግማሹ ግን እስከ ዛሬ እንደ ቆመ ነው። ያጨበጨባችሁልኝ ጓደኞቼ፣ ዳኛ ሆናችሁ የተቀመጣችሁ መምህራን፣ ከኋላ ወንበር ሆናችሁ ያዳመጣችሁ ወላጆች፣ ይህንንም ስሙና ደግማችሁ ፍረዱ።

ነገሩን ከሩቅ አገር አልጀምርም፤ ከዚሁ ከከተማችን ከደሴ እጀምራለሁ። (ዓመቱን ስጽፍ የአገራችንን በኛ አቆጣጠር፣ የውጭውን «እ.ኤ.አ.» እያልኩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደሴ ላይ ሰፍረው ሳሉ የኢጣልያ አውሮፕላኖች መጥተው ከተማይቱን ደበደቡ። የጣሉት የሚፈነዳ ቦምብ ብቻ አልነበረም፤ የሚያቃጥልም ነበረበት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከመትረየስ ኋላ ሆነው ወደ ሰማይ መተኮሳቸው በታሪክ ተጽፏል፤ እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማው ይህንኑ ነው። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታልም በዚያው ቀን መመታቱን ግን የሰማ ተማሪ ብጠይቅ ከክፍላችን ሁለት ብቻ አገኘሁ።

የአያቴ እናት በዚያ ቀን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። እኔ አልደረስኩባቸውም፤ የሚተርኩልን አያቴ ናቸው። በዚያ ዘመን የብዙው ሰው ቤት የሣር ክዳን ስለ ነበረ፣ የሚፈነዳው ቦምብ የወደቀበትን ቤት ሲያፈርስ የእሳቱ ቦምብ ግን የወደቀበትን በልቶ ወደ ጎረቤቱ ይሻገር ነበር ይላሉ። እናታቸው ወደ ጦሳ ተራራ ሲሮጡ አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብለው ቢያዩ ከጭስ በቀር የታያቸው ነገር አልነበረም። እኒያ ሴት እስኪሞቱ ድረስ አውሮፕላን በከተማው ላይ ባለፈ ቁጥር፣ ምጣድ ላይ እንጀራ ቢኖርም እንኳ፣ ምድጃቸውን በውሃ ያጠፉ ነበር። ቤተ ሰቡ ይህን እያነሣ ይስቃል፤ እኔም ስቄአለሁ።

ስለዚያ ጦርነት ስንነጋገር ሁልጊዜ የምናነሣው የመርዝ ጋዙን ነው። ማንሣታችንም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ጄኔቭ ላይ የተፈረመው ፕሮቶኮል መርዘኛ ጋዝን በጦርነት መጠቀምን ከልክሎ ነበር፤ ኢጣልያም ተቀብላው ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው አቤት ሲሉ፣ ጋዙን በስሙ ጠርተው ሊከሱ የቻሉት ሕጉ አስቀድሞ በስሙ ጠርቶት ስለ ነበር ነው። ከአውሮፕላን የሚጣለውን እሳት ግን በስሙ ጠርቶ የከለከለ ውል አልነበረም። ሆስፒታል መምታት በደል መሆኑ ይታወቃል፤ በእሳት መምታት ግን ለብቻው ስም አልወጣለትም። ጋዙ በታሪክ መጽሐፋችን ገብቶ እሳቱ በአያቴ ጨዋታ ውስጥ የቀረው፣ እንደሚመስለኝ፣ በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ እሳት ጭራሹን ሕግ አልነበረም ብል ደግሞ ሐሰት ይሆንብኛል፤ የሚያስገርመውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1868፣ ማለት ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱበት ዓመት፣ በሩስያ ንጉሥ ጥሪ የመንግሥታት መልእክተኞች ፒተርስቡርግ ላይ ተሰብስበው አንድ መግለጫ ፈረሙ። ክብደቱ ከ400 ግራም በታች የሆነ፣ የሚፈነዳ ወይም የሚያቃጥል ነገር የተሞላ ጥይት በመካከላቸው እንዳይተኮስ ተስማሙ። ምክንያቱንም ሲያስረዱ፣ የጦርነት ተገቢ ዓላማ የጠላትን ጦር ማድከም ብቻ ስለ ሆነ፣ ከውጊያ የወጣውን ሰው ሥቃይ ያለ ጥቅም የሚያበዛ መሣሪያ ከዓላማው ያልፋል አሉ። እኔ ይህን የመሰለ ሐሳብ በዚያን ዘመን በወታደሮችና በሚኒስትሮች አፍ ይነገራል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ነገር ግን ውጤቱን ተመልከቱ። በአንድ ወታደር ሥጋ ውስጥ ገብቶ የሚነደው ትንሽ ጥይት ነውር ተባለ፤ አንድ ሰፈር የሚያነደው ትልቁ ቦምብ ከ400 ግራም ስለሚበልጥ መግለጫው አልነካውም። አውሮፕላን ገና አልተፈጠረም ነበር ብትሉኝ እውነታችሁን ነው። አውሮፕላን ከተፈጠረ በኋላስ ሚዛኑን ማን አስተካከለው?

ያ ያልተስተካከለ ሚዛን የት እንዳደረሰ በቶኪዮ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1945 መጋቢት 9 ለ10 አጥቢያ 279 የሚሆኑ የአሜሪካ ቢ-29 አውሮፕላኖች ቤቱ ሁሉ ከእንጨትና ከወረቀት በተሠራው የከተማይቱ ክፍል ላይ የእሳት ቦምብ አዘነቡ። በአንድ ሌሊት ወደ 41 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ከተማ ተቃጠለ፤ ከ80 ሺህ የማያንስ ሰው ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ከተጣለው ብዙው ናፓልም ነበር። ናፓልም ቤንዚንን እንደ ሙጫ የሚያወፍር፣ በነካው ነገር ላይ ተጣብቆ እንዲነድ የሚያደርግ ቅመም ሲሆን፣ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1942 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኬሚስትሪ የምትወዱ ጓደኞቼ፣ ይህ ነገር የተወለደው በጦር ሰፈር ሳይሆን በትምህርት ቤት መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ከዚያ በኋላ ናፓልም በኮሪያም በቬትናምም ዘነበ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 1972 ትራንግ ባንግ በተባለች የቬትናም መንደር ኪም ፉክ የተባለች ልጅ ልብሷ ተቃጥሎ ራቁቷን እየጮኸች ስትሮጥ የተነሣው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። ናፓልሙን የጣለው የጠላት አውሮፕላን አልነበረም፤ የገዛ አገሯ የደቡብ ቬትናም ነበር። ልጅቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ያን ዕድሜ ሳነብ የአያቴ እናት ትዝ አሉኝ፤ ምድጃ ማጥፋታቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ አላሳቀኝም።

መንግሥታቱ እሳቱን በስሙ ጠርተው የጻፉት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 10 ቀን 1980 ነው። በዚያ ቀን ጄኔቭ ላይ በአንዳንድ የጦር መሣሪያዎች አጠቃቀም ላይ ስምምነት ተደረገ፤ ከስምምነቱ ጋር የተያያዘው ሦስተኛው ፕሮቶኮልም ስለሚያቃጥሉ መሣሪያዎች ብቻ የሚናገር ነው። ሲቪሎችን በእሳት ማጥቃት ፈጽሞ ተከለከለ። የጦር ዒላማ እንኳ ቢሆን ብዙ ሲቪል በተሰበሰበበት ቦታ ውስጥ ካለ፣ በከተማም በመንደርም በስደተኛ ሰፈርም ቢሆን፣ ከአውሮፕላን በሚጣል እሳት ማጥቃት በምንም ሁኔታ አይፈቀድም። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1983 በሥራ ላይ ዋለ። ደሴ ከተቃጠለች ከ48 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በክርክሩ ከኔ ጋር የቆመው ጓደኛዬ ይህን ሁሉ በነገርኩት ጊዜ፣ «በጥይት የሞተም ሞተ፣ በእሳት የሞተም ሞተ፤ ሞት ያው ሞት አይደለምን?» አለኝ። ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለምና ጥቂት ልቆይበት።

ከሦስት ዓመት በፊት ታናሽ እህቴን የነጭ ጋዝ ምድጃ እሳት ቀሚሷን ይዞ አቃጥሏት ነበር። ሰባት ዓመቷ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ አንዱ የጥርስ ሳሙና፣ አንዱ እንቁላል አምጥቶ ሊቀባት ሲል አባቴ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሙ፣ የአንድ ሰው መዳፍ ከገላው ከመቶ አንድ እጅ ያህል እንደሚሆን፣ የእርሷም ቁስል አምስት መዳፍ ያህል እንደ ሆነ አስረዱን። አምስት መዳፍ! ለዚያ አምስት መዳፍ ስድስት ሳምንት ተኛች። ፋሻው በሚቀየርበት ቀን የጋሪው ጎማ ከመተላለፊያው ሲሰማ ጀምራ ታለቅስ ነበር፤ እናቴ ራሷን ስትይዛት እኔ እጇን እይዛለሁ። ቁስሉ ከዳነም በኋላ ቆዳው ስለ ተኮማተረ የቀኝ ክርኗ እስከ ዛሬ በደንብ አይዘረጋም። ይህ ሁሉ የሆነው መንገድ ክፍት በሆነበት፣ መድኀኒት በተገኘበት፣ ሐኪሙም ሌላ መቶ ሰው በማይጠብቃቸው በሰላም ቀን ነው።

ስለዚህ ለጓደኛዬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ጥይት ያቆሰለው ወታደር ከውጊያ ወጣ፤ የተተኮሰበትም ዓላማ እዚያው አለቀ። እሳት ያቆሰለው ግን ውጊያው ካለቀ በኋላ እሳቱ ከእርሱ ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል። የ1868ቱ ሰዎች ያለ ጥቅም የበዛ ሥቃይ ያሉት፣ እኔ እንደ ገባኝ፣ ይህን ነው።

ሁለተኛም ነገር አለ። የጦርነት ሕግ ሁሉ መሠረቱ «ለይ» የሚል ትእዛዝ ነው። ወታደሩን ከገበሬው ለይ፤ ምሽጉን ከቤቱ ለይ፤ የጥይት መጋዘኑን ከሆስፒታሉ ለይ ይላል። ያገራችን ሰው ግን «እሳት ካየው ምን ለየው» ብሎ የተረተው ሕግ አዋቂዎቹ ጄኔቭ ከመሰብሰባቸው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ጥሩ ተኳሽ ጥይቱን ሊለይ ይችላል። እሳት የለቀቀ ሰው ግን ከለቀቀ በኋላ መለየቱን ለነፋስ አስረክቦታል፤ ነፋስ ደግሞ ውል አልፈረመም።

እስከዚህ ድረስ ሕጉን አመሰገንኩ። አሁን ያልፈረሰውን የክርክሬን ግማሽ ላቅርብ። ፕሮቶኮሉ የሚያቃጥል መሣሪያ የሚለው «በዋናነት» ለማቃጠል ተብሎ የተሠራውን ብቻ ነው። ለመብራት፣ ለጭስ ወይም ለምልክት ተሠርቶ እግረ መንገዱን የሚያቃጥለውን ከትርጉሙ አውጥቶታል። በዚህ በር ሾልኮ የሚወጣው ነጭ ፎስፎረስ ነው። ነጭ ፎስፎረስ አየር ሲነካው በራሱ ይነዳል፤ ወፍራም ጭስም ስለሚሰጥ ሠራዊት የሚጠቀምበት እንቅስቃሴውን ለመሸፈን ነው ይባላል። በሰው ገላ ላይ ሲያርፍ ግን ሥጋውን እያቃጠለ ወደ ውስጥ ይገባል። አየር ሲያጣ ይጠፋል፤ ፋሻው ሲፈታ እንደገና ሊነሣ ይችላል። ይህን ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። እህቴ ፋሻዋ ሲፈታ የፈራችው ሕመሙን ነበር፤ እሳቱ ከውስጥ ይነሣብኛል ብላ ግን አልፈራችም። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2009 ጋዛ ውስጥ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ግቢ ላይ የእስራኤል ሠራዊት የተኮሰው ነጭ ፎስፎረስ ወድቆ የእርዳታ መጋዘኑ ተቃጠለ። ይህ «በዋናነት» የተሠራው ለጭስ ነው ቢባል ለተቃጠለው ሰው ምን ይፈይድለታል?

ሌላው ስንጥቅ በሰማይና በምድር መካከል ያለው ልዩነት ነው። ከአውሮፕላን የሚጣለውን እሳት ሕጉ አጥብቆ ይከለክላል፤ ከምድር በመድፍ የሚተኮሰውን ግን ዒላማው ከሲቪሎች በግልጽ የተለየ ከሆነና ጥንቃቄ ከተደረገ ይፈቅዳል። ለዚህ ልዩነት ከወታደር በኩል ምክንያት ይሰጠው ይሆናል፤ ከሚቃጠለው ሰው በኩል ግን ምንም የለውም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከተሉት ቀኖች አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ፋሺስቶች የሰውን ጎጆ ከነነዋሪው ሲያቃጥሉ፣ እሳቱ ከሰማይ አልወረደም። ቤንዚን አርከፍክፈው በእጃቸው ለኮሱት።

እንግዲህ ሕጉ እንዲህ ቀዳዳ ከሆነ ለምን ሐሳቤን ለወጥሁ? የለወጠኝ ወንጀለኞቹ የሚሰጡት ምክንያት ነው። በ1945 ቶኪዮን ያቃጠሉት አዛዦች ቦምቡ ለጭስ ነው ብለው አላመካኙም፤ ማመካኘት አላስፈለጋቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን የአሜሪካ ወታደሮች ኢራቅ ውስጥ ማርክ 77 የተባለ የእሳት ቦምብ በጣሉ ጊዜ፣ ባለሥልጣኖቹ በመጀመሪያ ናፓልም አልጣልንም አሉ፤ በኋላም የተጣለው የእሳት ቦምብ መሆኑን አምነው፣ ነዳጁ ሌላ ስለ ሆነ ናፓልም አይባልም ሲሉ አስረዱ። በተከታዩ ዓመት ፋሉጃ ላይ የተተኮሰው ነጭ ፎስፎረስም መጀመሪያ ለመብራት ነው ተብሎ፣ በ2005 በታጣቂዎች ላይ እንደ መሣሪያ መተኮሱ ታመነ። ሌባ በጨለማ የሚሄደው ሕግ ስላለ ነው፤ ሕግ በሌለበት አገር በቀን በዋናው መንገድ ይሄድ ነበር። ስለዚህ በጦርነት ጊዜ ሕግ የለም ማለቴ ስሕተት ነበር። ሕጉ አለ፤ ነገር ግን መሣሪያውን የሚመዝነው በሠሪው ሐሳብና በመጣበት መንገድ እንጂ በሰው ገላ ላይ በሚያደርገው ሥራ አይደለም። መሻሻል ያለበት ይኸው ነው። ትርጉሙ «በዋናነት የሚያቃጥል» ከሚል ይልቅ «የሚያቃጥል» ቢል፣ በሰማይና በምድር መካከል ያለውም ልዩነት ቢነሣ፣ ሰነዱ የሚያጥረው በጥቂት ቃላት ብቻ ነው።

አሁን ለመጻፍ የከበደኝ ክፍል ላይ ደረስኩ። በየካቲት ወር 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ከገባች በኋላ የደርግ አየር ኃይል ከተማይቱን ከሰማይ ሲደበድብ ናፓልም መጣሉን የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል። በ1928 ዓ.ም. የተቃጠልን እኛ ነበርን፤ በ1982 ዓ.ም. ያቃጠልንም እኛው ነን። «ያ ደርግ እንጂ እኛ አይደለንም» የሚሉኝ አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ ሲናገሩ «እኛ» የምንል ከሆነ፣ አውሮፕላኑ ምጽዋ ላይ ሲያንዣብብም «እኛ» ማለት አለብን፤ ደስ ሲለን ብቻ የአገር ልጅ መሆን አይቻልም። እዚህ ላይ ከአባቴ ጋር አልተስማማንም፤ ይህንንም እርሱ እንደሚያነበው እያወቅሁ ነው የጻፍኩት።

ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የጄኔቭ ስምምነቶችን ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ተቀብላለች፤ ይህ የሚመሰገን ነው። በ1980ው ስምምነትና በሦስተኛው ፕሮቶኮል አባሎች ዝርዝር ውስጥ ግን ጎረቤታችንን ጂቡቲን አገኘሁ፤ ዩጋንዳን አገኘሁ፤ አገሬን አጣሁ። ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች በጣቴ ሄድኩበት። ከሚቃጠል ከተማ ተነሥቶ ጄኔቭ ድረስ አቤት ያለ ሕዝብ እሳትን በስሙ በሚከለክለው ወረቀት ላይ ስሙ አለመኖሩ ለኔ የሚገባኝ ነገር አይደለም። በመግባት ፋብሪካ አይዘጋም። ከዚያም በላይ አባል ያልሆነ አገር ቀዳዳው ይደፈን ብሎ በስብሰባው ላይ ድምፅ ሊሰጥ አይችልም። ይህን ክፍተት ለማሳየት ከደሴ የተሻለ ምስክር ያለው መንግሥት ደግሞ ብዙ አይገኝም።

ለክርክር ማኅበሩ ጸሐፊ ባለፈው ሳምንት አንድ ወረቀት ሰጥቻለሁ። ለመጪው ዓመት ያቀረብኩት ርእስ «ኢትዮጵያ ስለሚያቃጥሉ መሣሪያዎች የወጣውን ፕሮቶኮል መቀበል ይገባታል» የሚል ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ከዚህ ግቢ ስለምወጣ አልከራከርም። ያ «ሞት ያው ሞት ነው» ያለኝ ጓደኛዬ ግን አንድ ትምህርት ወድቆበት ይደግማልና፣ በየትኛው ወገን እንደሚቆም ብጠይቀው እስካሁን አልነገረኝም።